ሚሚዬ፣ በአንድ ምስክር ቃል አትፍረጂ

ሚሚዬ፣

እንኳን ለ26ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። እናትሽ ጠዋት ቡናዋን አፍልታ ስምሽን እየጠራች ስትመርቅሽ ነበር። እኔም አሜን ብያለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው እሁድ በስልክ ያልሽው እንቅልፍ ነስቶኛል። ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ የምትሠሪው የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ላይ መሆኑን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከዚያ ግን «አባዬ፣ አብዛኛው አደጋ የፓይለት ስህተት ነው፤ ከእጁ ወስዶ ለኮምፒውተር መስጠት ይሻላል» አልሽ። ኔትወርኩ ተቆራረጠና መልስ ሳልሰጥሽ ቀረሁ።

ልክ የሆንሽበት አለ። አውሮፕላን አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል፤ ይወድቃል። በፈረንጆቹ 2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ሲበር የነበረው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን እንዲህ ሆኖ ነው አትላንቲክ የገባው። የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን በረዶ ዘጋቸው፣ አውቶፓይለቱ ለቀቀ፣ ፓይለቶቹም አፍንጫውን ወደ ላይ ሳቡት። 228 ሰው አለቀ። እንዲህ ያለውን የሚከለክል ኮምፒውተር ብትሠሪ እኔ አልቃወምም።

ግን ስሚኝ። በአንድ ምስክር ቃል አትፍረጂ።

ያ ምስክር ምን እንደሚመስል ሃንጋር አስገብቼ ላሳይሽ ነበር ምኞቴ። ልጅ ሆነሽ ስትለምኚኝ «ስታድጊ» እልሽ ነበር። አደግሽና ውጭ ሄድሽ፤ እኔም ጡረታ ወጣሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። እንግዲህ በወረቀት ልንገርሽ። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ጎን፣ ከኮክፒቱ መስኮት ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ብረት አለች፤ ሴንሰር እንላታለን። አየሩ ከየት በኩል እንደሚመጣ ተከትላ ትዞርና አፍንጫው ከአየሩ አንጻር ስንት ዲግሪ ቀና እንዳለ ለኮምፒውተሩ ትነግራለች። በጣት ስትገፊያት ምንም ሳትይዝ መዞር አለባት። ያዝ ካደረጋት አውልቀን እንቀይራለን። በረዶ እንዳይዛት ማሞቂያ አላት፤ ማሞቂያው በርቶ የነካት ሰው እጁ ይቃጠላል። መሬት ላይ ስትሆን ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ሽፋን እናለብሳታለን። ወፍ ይመታታል፣ ውሃ ይገባባታል፣ መሰላል ይገጫታል። ለኮምፒውተርሽ የምትመሰክረው ይቺ ናት ልጄ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን አንቺም ታስታውሻለሽ፤ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ከመሬት እንደለቀቀ የግራዋ ሴንሰር 74 ዲግሪ ተኩል አለች፤ የቀኟ 15 ገደማ። ኤምካስ የሚሉት ሶፍትዌር የሰማው የግራዋን ብቻ ነው። ሊወድቅ ነው ብሎ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋው። ፓይለቶቹ ልጆች ይመልሱታል፣ ሶፍትዌሩ እንደገና ይደፋዋል። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው የፈጀውም ይኸው ነበር። እስከዚያ ድረስ ለፓይለቶቹ እንዲህ የሚባል ነገር አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳለ በወጉ የነገራቸው የለም።

ሪፖርቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ረዳት ፓይለቱ «ስታብ ትሪም ከት አውት» አለ፣ ሁለት ጊዜ፤ አፍንጫውን የሚያስተካክለውን የጅራት ክንፍ ከኤሌክትሪክ እናላቀው ማለቱ ነው። ካፒቴኑ ተስማማ፤ ኤሌክትሪኩን ቆረጡት። ከዚያ በኋላ የቀረው ጉልበታቸው አጠገብ ያለውን፣ ያንኑ የጅራት ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ጥቁር ጎማ በእጅ ማዞር ነው። ያንን ጎማ አውቀዋለሁ። እጀታውን ስበሽ ታወጪና ታሽከረክሪዋለሽ፤ መሬት ላይ ቀላል ነው። በዚያ ፍጥነት፣ ጅራቱ ላይ ያ ሁሉ አየር ተጭኖ፣ አልዞር አለ። ረዳቱ ሞክሮ እንደማይሠራ ተናገረ። በተነሱ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቁ። 157 ሰው። ካፒቴኑ 29 ዓመቱ ነበር፣ ረዳቱ 25። አንቺ ዛሬ በሁለቱ መካከል ነሽ። እነዚያን ልጆች ፊቴ የሚወቅስ ሰው አልፈልግም፤ አንቺም ብትሆኚ።

በአንድ ምስክር ቃል አትፍረጂ ብያለሁ።

«የኛው ኤርባስ ሦስት ሴንሰር አለው» ትይኝ ይሆናል። አውቃለሁ። በፈረንጆቹ 2008 እዚያው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ፐርፒኛ አጠገብ፣ አንድ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ባሕር ገባ። ከሦስት ቀን በፊት ሲታጠብ ሴንሰሮቹን ሳይሸፍኑ ውሃ ለቀቁበት። ሁለቱ ውስጥ ውሃ ገባ፤ ከፍታ ላይ በረዶ ሆኖ እዚያው ባሉበት ያዛቸው። ሁለቱ አንድ ቃል ስለተናገሩ ኮምፒውተሩ እውነተኛዋን ሦስተኛ ጣላት። ፓይለቶቹ አውሮፕላኑን ከመውደቅ የሚጠብቀው የኮምፒውተሩ መከላከያ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክሩ ፍጥነት ቀነሱ። መከላከያው አልነቃም። 7 ሰው ሞተ። እኔ የአጣቢዎቹን ስም አላውቅም፤ ግን ያን ሥራ ስለማውቀው ሁሌ አስባቸዋለሁ።

ስለዚህ ሥራ በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። ምስክሮቹ ካልተስማሙ ማን ይፈርዳል? ሶፍትዌሩ መቼ ነው እጁን የሚሰበስበው? ፓይለቱ በሙሉ ኃይሉ ቢስብ ያሸንፈዋል? ማክስን ያስተካከሉትም በዚሁ ነው። አሁን ሁለቱን ሴንሰሮች ያወዳድራል፤ ካልተስማሙ ይተዋል። ደጋግሞ አይደፋም፤ ፓይለቱ ስቦ ሊመልሰው ከሚችለው በላይም አይገፋም። ይህን ለማድረግ 346 ሰው መሞት ነበረበት? አዲስ ነኝ ብለሽ አትፈሪ። ያልገባሽ ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።

ሽሮና በርበሬ በሚመጣ ሰው ልከንልሻል፤ በርበሬው በሁለት ላስቲክ ነው የታሸገው፣ ስትከፍቺው ተጠንቀቂ። ቤት ስትቀይሪ የዲግሪሽን ዋናውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ፣ በእጅሽ ያዢው። እናትሽ ጋር እሁድ እሁድ ደውዪ፤ ቴክስት አይበቃትም። የጠየቅሽውን ምን ብለው እንደመለሱልሽ ግን ለእኔ በጽሑፍ ላኪልኝ፣ ቀስ ብዬ እንዳነበው።

አባትሽ