ለቡችላ እከክ የተቃጠለ ዘይት ይቅር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ጉዳዩ የቡችላ እከክ ነው። “የሰው ችግር አልቆ ነው ወይ?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን በእኛ ሰፈር ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፣ የውሻው እከክ ደግሞ ውሻው ላይ ብቻ አይቀርም፣ ልጆች ክንድ ላይም ይወጣል። እኔ ቤት ወጥቷል።

ቡችላችን ዳማ ይባላል። ከቀለሙ አይተው ልጆቼ ናቸው ስሙን ያወጡለት። የካቲት ላይ የ2 ወር ሆኖ ከዘመድ ቤት አመጣነው። መጀመሪያ የሚያከው ጆሮውን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ክርኑን፣ ከዚያ ሆዱን፣ ቆይቶ ደግሞ ጀርባው ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ቅርፊት ይራገፍ ጀመር። መጋቢት ስለነበር ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ልጆቹ ግን አዘኑለትና በየቀኑ ጣና ዳር እየወሰዱ በልብስ ሳሙና ያጥቡት ጀመር። ጭራሽ ባሰበት። ሌሊት እያከከ እግሩ ወለሉን ሲመታ እሰማ ነበር፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ።

ከዚያ ምክሩ መጣ። አንዱ ነጭ ጋዝ አለኝ። እናቴ ቅቤ አለች። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሃይላንድ ሞልቶ አመጣልኝና “ቀቢው፣ በ3 ቀን ይለቀዋል” አለኝ። በቅንነት ነው፣ አልፈርድበትም። እኔም ቀባሁት። ውሻ የቀባችሁትን ሁሉ እንደሚልስ እንዴት እንዳልታሰበኝ አላውቅም። ማታ ሲያስመልሰው አደረ፣ ሆዱም ተበጠበጠ። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የወጡ ብረታ ብረቶች አሉ፤ ቆዳውን ያቃጥላል፣ በቆዳውም በአፉም ይገባል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ሲያስመልሰው ሳንባው ውስጥ ከገባ ሊገድለው ይችላል።

በነጋታው የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጡበት ቦታ ሄድኩ። ቡችላውን ሳያዩ አይቨርሜክቲን የሚባለውን የከብት የተባይ መድኃኒት ሰጡኝና “ትንሽ ውጊው” አሉኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ቤት ደርሼ ወንድሜ የብልቃጡን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ለከብት 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ክብደት ይላል። ዳማ 3 ኪሎ አይሞላም ነበር። በዓይን ግምት ከተሰጠ እኮ በቀላሉ ይበዛበታል። መድኃኒቱ ሲበዛበት ውሻው ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሞትም ይችላል። መርፌውን አልነካሁትም።

በመጨረሻ ዳማን በካርቶን ይዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገረመኝ። የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት ሲያደርገው የዳማ የኋላ እግር ወዲያው ማከክ ጀመረ። “አየሽ እናቴ፣ ይሄ እከክ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን እርግጠኛ እንሁን” አለኝ። ከጆሮው ጠርዝ ቆዳውን በምላጭ ትንሽ ደም እስኪያወጣ ፋቅ አድርጎ መስታወት ላይ አስቀመጠና በማይክሮስኮፕ አየ። እኔንም አሳየኝ። በዓይን የማትታይ ተባይ፣ እግሯን እያንቀሳቀሰች። ቆዳው ውስጥ ዋሻ ቆፍራ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት።

መጻፍ የፈለግኩት እዚህ ላይ ነው። የሚያክ ቡችላ ሁሉ ሕመሙ አንድ አይደለም። ወገቡንና የጭራውን ሥር የሚያክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁንጫ ነው፤ ፀጉሩን አበጥራችሁ የወደቀውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት፣ ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የጠጣችው ደም ማለት ነው። ክብ ክብ ሆኖ ፀጉሩ ከተመለጠ ጭርት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ወደ ልጆች ይተላለፋል። ዓይኑና አፉ ዙሪያ እየተመለጠ ብዙም የማያሳክከው ደግሞ ሌላ ተባይ አለ፣ ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናቱ የሚወስደው፤ ቦታው ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። አንዳንዱ ደግሞ በሳሙና ብዛት ቆዳው ደርቆ ነው። የውሻ ቆዳ እንደ ሰው ቆዳ አይደለም፣ የልብስ ሳሙናና የሰው ሻምፖ ወዙን ይገፈዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ በአንድ ዘይት እንዴት እናድናለን?

የዳማ ሕክምና በ15 ቀን ልዩነት 3 ጊዜ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ማከኩ ሲቀንስ ሦስተኛውን ልተወው ነበር። ሐኪሙ ግን ተቆጣ። ተባዩ ከእንቁላል ተነስቶ እስኪያድግ 3 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ መሃል ላይ ካቋረጣችሁ የቀሩት እንደገና ይራባሉ። ግቢ ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ አብሮ ይታከማል። የሚተኛበትን ጆንያ አቃጠልነው፣ ጨርቁን በፈላ ውኃ አጠብን። የልጆቼ ክንድ ላይ የወጣው ሽፍታ ዳማ ሲድን አብሮ ጠፋ፤ የውሻው ተባይ ሰው ላይ እንደማይራባ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ቢቆይ ግን ጤና ጣቢያ እወስዳቸው ነበር።

ለማሳከኩ ማስታገሻ እንዲሆን የአጃ ዱቄት አልሜ ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ 10 ደቂቃ ያህል አሻሸው ነበር፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ተባዩን አይገድልም፣ ግን በዚያ ቀን ዳማ ተኝቶ አደረ። ምግቡንም ቀየርኩ። የወጥ ትራፊ መስጠት አቆምኩ፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ ይህንንም ያኔ ነው የሰማሁት። አሁን ከእንጀራው ጋር እንቁላል፣ ወይም ቀረሶ ዓሣ ቀቅዬ አጥንቱን ለቅሜ እሰጠዋለሁ። ፀጉሩ እያበራ ነው።

አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክረምቱ ገብቷል፣ እርጥበት ሲኖር ቁንጫም ጭርትም ይበረታል። አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግራችሁ ገጻችሁ ላይ አውጡልን። ዘንዘልማ ግቢ ያሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋር በወር አንድ ቀን እንኳ ወደ ሰፈራችን ወርደው ቡችሎቹን ቢያዩልን፣ ቆዳውንም ቢመረምሩ፣ 3 ወር የሞላውን ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባት ቢወጉልን፣ እኔ ግቢዬን ከፍቼ ውኃውንም ወንበሩንም አዘጋጃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዳማ ባለቤት፣ ከሽምብጥ