ሽምደዳ የከዳኝ ኮርስ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬና አባዬስ? እኔ ደህና ነኝ። ማይክሮባዮሎጂን በኤ ጨረስኩ። ይህን ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ቀጥሎ ያለውን ግን ለብቻሽ ያዢው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ያመጣሁት 52 ከመቶ ነበር። በስልክ "ትምህርቱ ቀላል ነው" ስላችሁ የነበረው ያን ሰሞን ነው።

አንቺም በሚቀጥለው ሴሚስተር ልትጀምሪው ስለሆነ የጣለኝን ልንገርሽ። ሽምደዳ ነው። እንደለመድኩት ሁሉንም በቃሌ ልይዝ ተነሳሁ። የባክቴሪያው ስም ግን ማለቂያ የለውም፤ ማታ የያዝኩት ጠዋት የለም። በዚያ ላይ ትምህርቱ በሰው ቋንቋ ነው።

ያነቃኝ ላብራቶሪ ውስጥ ያበላሸሁት ስራ ነው። ግራም ስቴን፣ ማለትም ባክቴሪያዎችን በቀለም ለሁለት የመለየት ስራ፣ እየሰራን ነበር። ሐንስ ክርስቲያን ግራም የሚባል ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው ዘዴ ነው። መጀመሪያ ክሪስታል ቫዮሌት የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም፣ ከዚያ አዮዲን፣ ከዚያ በአልኮል ማጠብ፣ በመጨረሻ ሳፍራኒን የሚባል ሮዝ ቀለም። የደረሰኝ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነበር። ወይን ጠጅ መሆን ሲገባው ሮዝ ሆኖ ቁጭ አለ! ጥፋቱን በባክቴሪያው ላላክክ ምንም አልቀረኝም። መምህሯ መጥታ "አልኮሉ ስራው ምንድን ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ቅደም ተከተሉን አንድም ሳልስት እወጣዋለሁ፤ ለምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግራም ፖዘቲቭ፣ ማለትም ወይን ጠጅ ሆነው የሚቀሩት ባክቴሪያዎች፣ ግድግዳ ፔፕቲዶግላይካን በሚባል ነገር የተደራረበ ወፍራም ስለሆነ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። የግራም ኔጋቲቭ ግን ስስ ነው፤ አልኮሉ የውጭውን ሽፋን ሲያሟሟው ቀለሙ ይወጣና ሳፍራኒኑ ሮዝ ያደርገዋል። እኔ አልኮሉን አብዝቼ ስላቆየሁት ወፍራሙም ሳይቀር ቀለሙን ለቀቀ።

ይቺን ስረዳ ሌላውም ተከትሎ መጣ። ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የዚህኑ ግድግዳ ግንባታ ነው። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ፔኒሲሊን ምንም አያደርገውም። ይህን ማን ይሸመድዳል? ራሱ ይመጣልሻል።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ ያው ጥያቄ ነው፦ ግድግዳው ምን ዓይነት ነው? ቅርጹስ? ኦክስጅን ይፈልጋል? በምን ይተላለፋል? ምን ይገድለዋል? ያቃተኝን ብቻ ተመልሼ አነባለሁ። ብዙ ሰው ደብተሩን በቀለም እያሰመረ ደጋግሞ ያነባል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ደብተሩ ያምራል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም።

ስሞቹንም አትፍሪያቸው። ስታፊሎ በግሪክ የወይን ዘለላ ማለት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ስታዪው እውነትም ዘለላ ነው። ስትሬፕቶ፣ ማለትም ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ፣ ግን እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላል። ካጠራጠረሽ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጠብ አድርጊበት። ስታፊሎ አረፋ ያወጣል፣ ስትሬፕቶ ዝም ይላል።

ደግሞ የማይክሮስኮፑ የ100 እጥፍ ሌንስ ያለ ዘይት አያሳይሽም። ስትጨርሺ ጥረጊው፤ እኔ ረስቼ የሰማሁትን አልነግርሽም።

ወረቀቶቼን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። የእጅ ጽሑፌ አልነበብ ካለሽ ደውይ፣ ቅዳሜ ማታ ነፃ ነኝ። የ52ቷን ነገር ግን አደራ።

ወንድምሽ