የቅዳሜው የድንጋይ ትምህርት አይቀርም፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የሩብ ዓመቱ ውጤት አርብ ይሰጣል፤ ተቋርጦ የነበረው ውኃም ተመልሷል። የጻፍኩላችሁ ግን ለዚህ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት በሚሰጠው የድንጋይና የቅሪተ አካል ትምህርት ላይ ግማሹ ልጅ እንኳ አይገኝም። ለምን ስንል መልሳቸው አንድ ነው፦ "ቤት ቅር ተባልኩ።" አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥተው "በዓይን የማይታይ ጥርስ ለልጄ ምን ይሠራለታል?" አሉኝ። መጠየቃቸው ደግ አደረጉ። ለሁላችሁም ልመልስ።

ጥርሱ ኮኖዶንት ይባላል። አብዛኛው እንደ አሸዋ ቅንጣት ነው። ፓንደር የተባለ ሊቅ በፈረንጆች 1856 ስለ እሱ ጻፈ። የማን ጥርስ እንደሆነ ግን ሲያከራክር ኖረ። በ1983 ከስኮትላንድ የተገኘ የሙሉ አካል አሻራ ይፋ ሲሆን ለየለት፦ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ቀጭን የባሕር እንስሳ ነበረች።

"ታዲያ ይሄ ከድንጋይ ዕድሜ ጋር ምን አገናኘው?" ትሉኝ ይሆናል። የአያቶቻችንን ብር አስቡ። በፈረሰ ቤት ወለል ውስጥ ማርትሬዛ ብታገኙ ዘመኑን አትነግራችሁም። ለረጅም ዘመን የተመታችው ያው 1780 ተጽፎባት ነው። የምኒልክ ምስል ያለበት ብር ከተገኘ ግን ወለሉ የተሠራው ከእሳቸው ወዲህ መሆኑን ታውቃላችሁ። ኮኖዶንት እንደ ምኒልክ ብር ነው። ቅርጹ ቶሎ ቶሎ ተለዋውጧል፤ በባሕር ስለተሰራጨም በብዙ አገር ይገኛል። ሂንዲዮደስ ፓርቩስ የተባለው ዓይነት መጀመሪያ ብቅ ያለበት የቻይናው ሜይሻን የድንጋይ ንጣፍ በፈረንጆች 2001 ትራያሲክ የሚባለው የምድር ታሪክ ዘመን መነሻ ተብሎ ጸደቀ። ይኸው ጥርስ በኢራንና በጣሊያን ድንጋይም አለ። ያ ማለት የሦስቱ አገር ንጣፎች ዘመን ተቀራራቢ ነው። ወደ 252 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ደግሞ የተገኘው ሜይሻን ላይ በንጣፎቹ መሃል ከተጋደመው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

"እንጀራ ይሆናል?" ለምትሉም መልስ አለኝ። ኮኖዶንት ሙቀት ሲነካው ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ቡኒ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ነዳጅ ፈላጊዎች ድንጋዩ ምን ያህል እንደጋለ በዚህ ቀለም ያውቃሉ።

"ልጆቻችንን በአሲድ ታቃጥላላችሁ" የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። ኮኖዶንት ፈላጊዎች የኖራ ድንጋዩን የሚያሟሙት በቀጭኑ አሴቲክ አሲድ ነው። ሰላጣ ላይ የምታፈሱት አቼቶ ውስጥ ያለው እሱው ነው። ጥርሱ እንደ አጥንታችን ከካልሲየም ፎስፌት ስለተሠራ ሳይሟሟ ይተርፋል። የእኛ ልጆች የሚያደርጉት አቼቶ ጠብ አድርገው ድንጋዩ አረፋ ሲያወጣ ማየት ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ይህ ማንንም አያቃጥልም።

"ጀማ ሸለቆ ወርዳችሁ ኮኖዶንት አታገኙም" የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ አናገኝም። ኮኖዶንት ከዛሬ 201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። የጀማ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ደግሞ የጁራሲክ ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። "ታዲያ የእኛን ድንጋይ ዕድሜ የሚነግረን ማነው?" አለች። ከዚያ በድንጋዩ ውስጥ ስላሉት የባሕር ዛጎሎች ማውራት ጀመሩ። ሰዓቱ አልፎ እንኳ ማንም አልተነሣም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በዚያ ቀን የቀሩት ልጆች ይህን አላዩም፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ፈተና ላይ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን የሒሳብም የእንግሊዝኛም ሰዓት አልተነካም። ክፍያም የለውም። የገበያና የከብት ነገርንም አልዘነጋሁም። ትምህርቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ያልቃል፤ ልጁ ለሥራ ይደርስላችኋል።

አሁንም ቅር ያላችሁ ካላችሁ ልጁን ከምታስቀሩት እኔን አነጋግሩኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ። ልጆቹን ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ በር ላይ ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ርእሰ መምህሩ