ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር አትላክለት

ውድ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለአንተና ለቤተሰብህ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ዓመታት ቢያልፉም ስለ አንተ መጠየቄን አላቋረጥኩም፤ እናትህን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር አሜሪካ ያለህበትን የሲልቨር ስፕሪንግን ወሬ ያካፍሉኛል። ሰሞኑን ደግሞ ለእህትህ ልጅ የጌም ኮምፒውተር ገዝተህ በመንገደኛ ልትልክለት ማሰብህን ሲነግሩኝ፣ ከመግዛትህ በፊት ይህን ልጽፍልህ ቸኮልኩ። ሐሳብህ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ተገጣጥሞ ያለቀውን አትግዛ። ዕቃዎቹን ለየብቻ ላክልንና ልጁ እኔ አጠገቡ ሆኜ በገዛ እጁ ይገጥመዋል።

ምክንያቴን ላስረዳህ። ከባድ ግራፊክስ ካርድ (የጨዋታውን ምስል የሚሠራው ዕቃ) ማዘርቦርዱ (ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ እንደተሰካ በሻንጣ ተጭኖ ሲንገላታ የተሰካበትን ቦታ ሊሰብረው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን በኋላ የሚመጣው ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ለራሳቸው ኮምፒውተር ብቻ የሚሆን ማዘርቦርድና መብራቱን ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍል ፓወር ሰፕላይ ስለሚሠሩ፣ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ መርካቶን ብናስስ ምትኩን ላናገኝ እንችላለን፤ ዋስትና እንዳንጠይቅም ሻጩ ያለው ውቅያኖስ ማዶ ነው። ለየብቻ የተገዛ መደበኛ ዕቃ ግን አንዱ ቢቃጠል አንዱ ብቻ ይቀየራል፤ ልጁም የትኛው እንደተቃጠለ ለይቶ ያውቃል።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ እዚህ አገር ኮምፒውተር ሲታሰብ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት እርሱ ነውና። እናንተ ዘንድ ግድግዳው የሚሰጠው 120 ቮልት ሲሆን እኛ ዘንድ 220 ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሱ ለይቶ ይቀበላል፤ ርካሾቹ ግን አንዳንዴ ከጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ መሰል ነገር አላቸው፤ 115 ላይ እንደተተወ እዚህ የተሰካ እንደሆነ ወዲያው ይቃጠላል። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ 100–240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይተህ፣ 550 ወይም 650 ዋት የሆነ፣ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሠራውን ምረጥ። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ፤ ቢቸግርህ ከግራፊክስ ካርዱ ቀንስ። የገመዱ ስፒና ስለማይገጥም አታስብ፤ ገመዱ እዚህ ይገኛል።

መብራት ሲጠፋ ከሚደርሰው ጉዳት ይልቅ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ እያለ የሚያደርሰው ይከፋል። ለዚህ ዩፒኤሱን፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚተካውን ዕቃ፣ እኔ ከዚሁ እገዛለሁ፤ ክብደቱ ለመንገደኛ አይሆንም። የምፈልገው ንጹሕ ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ ያለው ኃይል፣ የሚያወጣውን ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች በርካሽ ዩፒኤስ ባትሪ ላይ ሲዞሩ ድርግም ብለው ይጠፋሉ። የዩፒኤሱ ሥራ ልጁ ጨዋታውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው፤ ለዚያም ማሽኑ ጉልበት የማይበላ ቢሆን ይሻላል። ግራፊክስ ካርዱን በዚሁ መለኪያ ብትመርጥልኝ ደስ ይለኛል፤ አርቲኤክስ 4060 የሚወስደው 115 ዋት፣ ሬዲዮን አርኤክስ 6600 ደግሞ 132 ዋት ነው። ሁለቱም 8 ጊጋባይት የራሳቸው ሜሞሪ ስላላቸው ለተራ ሞኒተር ይበቃሉ።

የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 ይሁን፤ ስድስት ኮር (የሥራ ክፍል) አለው፣ የተመደበለት 65 ዋት ብቻ ነው፣ ማቀዝቀዣውም አብሮት በካርቶኑ ይመጣል። ማዘርቦርዱ ቢ550፣ ራሙ (ጊዜያዊ ሜሞሪው) ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት፣ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት፣ ፋይሎች የሚቀመጡበት ኤስኤስዲ ባለ 1 ቴራባይት። ራሙን አንድ ባለ 16 አድርገህ አትግዛ፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ሲያነብ ጨዋታው ይፈጥናል። ኬዙንና ሞኒተሩን ለእኔ ተውልኝ።

የሚገጠምበትን ቀን ከወዲሁ በጉጉት እጠብቃለሁ። የሚያስፈልገን ባለመስቀል ካቻቪቴና ሰፊ ጠረጴዛ ነው። የዚህ ፕሮሰሰር እግሮች ከሥሩ ያሉ፣ ከሺህ የሚበልጡና እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከማዘርቦርዱ ምልክት ጋር አስማምቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው እንጂ መጫን አያስፈልግም፤ በራሱ ክብደት ቦታው ይገባል። ራሙ ግን በተቃራኒው ቀጭ እስኪል ድረስ ጠንከር ተደርጎ ይጫናል፤ ልጆች ይህን ይፈራሉና እጁን ይዤ አሳየዋለሁ። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው የሞኒተሩ ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ሲበራ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተን የራሙን ፍጥነት ወደ 3200 እናስተካክላለን፤ ካልተነካ ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ይሠራልና።

የአዲስ አበባ አየር በከፍታው የተነሣ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ማራገቢያ እዚህ የሚወስደው ሙቀት ከዚያ ያነሰ ነው። ከተማው ቀዝቃዛ መሆኑ ይክሰናል፤ ቢሆንም ከፊት አየር የሚያስገቡ ሁለት፣ ከኋላ የሚያስወጣ አንድ ፋን አደርግለታለሁ፤ የፊቶቹም የአቧራ ማጣሪያ ይኑራቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙ ጨዋታዎች ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆኑ እዚህ ማውረድ ረጅም ጊዜና ብዙ ዳታ ይፈጃል። ጨዋታዎቹን በስጦታ ለእርሱ አካውንት ከገዛህለት፣ ፋይሎቹን እዚያው አውርደህ በውጫዊ ዲስክ ብትልክልን እኛ ወደ ኤስኤስዲው ገልብጠን የጎደለውን ብቻ እናወርዳለን።

ስትመልስልኝ መንገደኛው መቼ እንደሚመጣና ስንት ኪሎ እንደሚችል ጻፍልኝ፤ የጉምሩኩን ነገርም አስቀድሞ ይጠይቅ። ልጁ የትኞቹን ጨዋታዎች እንደሚወድ እኔ ጠይቄ እልክልሃለሁ። ለባለቤትህና ለልጆችህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ፣ ከአዲስ አበባ