ወይን ሲገዛ ዓመቱም ይጠየቅ

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከፈረንሳይ፣ ቦርዶ አካባቢ ሆኜ ነው። ስለ ወይን ጠጅ ስትጽፉ ደስ ይለኛል። ግን «ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለውን አባባል ዝም ብላችሁ ስትደግሙት ቅር ይለኛል። አብዛኛው ወይን ብዙ ከቆየ ይበላሻል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ነው፤ እሱን የሚያይ ሰው የዚያን ዓመት ዝናብ፣ ፀሐይና ውርጭ ነው የሚያየው።

ፔትሩስን ልንገራችሁ። እዚሁ ቦርዶ አካባቢ፣ ፖመሮል በምትባል ትንሽ ቦታ ያለ፣ 11 ሄክታር ተኩል ገደማ የሚሆን እርሻ ነው። ቀይ ወይኑ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚተከልበት መርሎ የሚባለው የወይን ዓይነት ነው፤ መርሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይደርሳል። ጣጣውም ይኸው ነው። ሚያዝያ ላይ ለጋው ቅጠል ወጥቶ ሳለ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1991 የሆነው ይህ ነው። የ1991 ፔትሩስ የሚባል ወይን የለም፤ ጭራሽ አልወጣም።

የ1956ቱ ብርድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር፤ ግንዱን ራሱን ነው የገደለው። ብዙዎች ነቅለው አዲስ ሲተክሉ የፔትሩስ ባለቤት ማዳም ሉባ እምቢ አሉ። ግንዱን አስቆርጠው፣ እኛ አገር ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው፣ ከአሮጌው ሥር እንደገና እንዲበቅል አደረጉ። እኚህን ሴትዮ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ለቀማው ሲቃረብ የሚጥል ዝናብም ክፉ ነው። ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጭማቂው ይቀጥናል፣ ዘለላው ይሻግታል። በ1992 ፔትሩስ ላይ ውሃው ወደ ሥሩ እንዳይሰርግ መሬቱን በፕላስቲክ ሸፍነውት ነበር። እኔም ሁለት ዓመት በሌላ እርሻ ለቀማ ሠርቻለሁ። ከዝናብ በፊት የቀመስኩት ፍሬ ጣፋጭነቱ ጣት ላይ ይጣበቅ ነበር፣ ከሳምንት ዝናብ በኋላ ከዚያው ማሳ የለቀምነው ግን ውሃ ውሃ አለኝ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ዝዋይን እያሰብኩ ነው። እዚያ ወይን የሚያለማው ካስቴል የተባለው ኩባንያ መነሻው ቦርዶ ነው፤ የመጀመሪያው ምርት ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 2014 ነው፤ መርሎም ተተክሎበታል። ዝዋይን የቦርዶ ዓይነት ውርጭ አያሰጋውም፤ የዝናቡ ነገር ግን እዚያም ፍሬው ላይ ያርፋል። እባካችሁ በለቀማ ሰሞን አንድ ጋዜጠኛ ላኩና ማሳው ውስጥ የሚውሉትን ሠራተኞች አነጋግሩልን። ዘንድሮ ዝናቡ መቼ አባራ? ፍሬው ከአምናው በምን ተለየ? መልሱን እዚህ ሆኜ በጉጉት እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቦርዶ