ይድረስ ለአባቴ፦ ስለምኖርባት የብረትና የባቡር ከተማ

ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እናቴስ፣ እህቶቼስ፣ የልጅ ልጆችዎስ ሁሉም እንደምን ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ሰሞን በስልክ «ለመሆኑ የምትኖሪባት ከተማ ምን ዓይነት ናት? ባቡርስ አላት ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥዎ ተለያየን። ጥያቄው ዕድሜውን በሙሉ በምድር ባቡር ያገለገለ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ ሆኖ አልተሰማኝም። ስለዚህ ረጋ ብለው እንዲያነቡት በጽሑፍ ላደርሰው ወሰንሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገርዎ።

ክሊቭላንድ በኤሪ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ካያሆጋ የሚባለው ጠመዝማዛ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መሬት ቀያሾች በ1796 ሲመሠርቷት እዚህ ግባ የማትባል መንደር ነበረች። ከተማ ያደረጋት መጓጓዣ ነው። በ1827 በስተደቡብ ካለችው ከአክረን ከተማ የተነሣው የጀልባ ቦይ ደረሰላት፤ በ1832 ቦዩ እስከ ኦሃዮ ወንዝ ዘለቀ፤ ባቡሩም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ከዚያ በኋላ የብረት ማዕድን ከሰሜን በመርከብ፣ የድንጋይ ከሰል ደግሞ ከደቡብና ከምሥራቅ በባቡር እየመጣ እዚህ ስለተገናኘ፣ የብረት ማቅለጫዎቹ በወንዙ ግራና ቀኝ ተተከሉ። ጆን ሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ በ1870 ያቋቋመው በዚችው ከተማ ነው። በ1920 የሕዝቧ ቁጥር 796,841 ደርሶ ከአሜሪካ ከተሞች አምስተኛዋ ሆና ነበር።

ስለ ማዕድኑ አወራረድ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ማለፍ አልፈልግም፤ እርስዎ ዕቃ በሰው ትከሻ ከፉርጎ ሲራገፍ አይተው ያደጉ ስለሆኑ ይገባዎታል። በድሮው ጊዜ የመርከቡን ማዕድን የሚያወርዱት አካፋና የእጅ ጋሪ የያዙ የቀን ሠራተኞች ሲሆኑ፣ አንዱን መርከብ ለማራገፍ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጆርጅ ሁሌት የተባለ የክሊቭላንድ ሰው ግዙፍ ማራገፊያ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1912 በዚህ ወደብ የተተከሉት አራቱ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ዝቅታ 17 ቶን ያህል ያፍሱ ነበር። ኦፕሬተሩ የሚቀመጠው ከማፈሻው መንጋጋ በላይ፣ በክንዱ ውስጥ ስለነበር፣ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ወደ መርከቡ ሆድ ይወርድና ይወጣ ነበር። እስከ 1992 ድረስ አገልግለዋል።

አሁን ወደ ባቡሩ ልምጣ። በከተማዋ እምብርት ተርሚናል ታወር የሚባል ባለ 52 ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ሕንፃው የተሠራው በባቡር ጣቢያ ላይ ነው። ያሠሩት ቫን ስዌሪንገን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ሐሳባቸው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለሙት መንደር ለሚኖሩ ሰዎች ወደ መሐል ከተማ የሚያደርስ የራሱ ሀዲድ ያለው ባቡር መዘርጋት ብቻ ነበር። ለዚያ ሲሉ አንድ የባቡር ኩባንያ ገዙ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እያሉ በስተመጨረሻ በአሜሪካ ውስጥ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሀዲድ ላይ አዛዦች ሆኑ። ጣቢያው በ1930 ሲመረቅ ግን የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኩቶ ነበርና ሁሉ ነገር የተሠራው በብድር በመሆኑ ሀብታቸው ከእጃቸው ወጣ፤ ሁለቱም በ1935 እና በ1936 ተከታትለው ሞቱ። ሕንፃው ግን እስከ 1964 ድረስ ከኒው ዮርክ ውጭ በሰሜን አሜሪካ በቁመት የሚበልጠው አልነበረም።

ጣቢያውን በተመለከተ እርስዎን ይበልጥ የሚያስደንቅዎ ይህ ይመስለኛል። ጭስ ወደ መሐል ከተማ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በእንፋሎት የሚሄዱት ባቡሮች ከተማዋ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሎኮሞቲቫቸው ተፈትቶ ይቀርና በላይኛው ሽቦ 3,000 ቮልት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ይቀጠልላቸዋል፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ እንደገና ይለወጣል። ይህ እስከ 1953 ድረስ ሠርቶ፣ ናፍጣው ሲመጣ ቀረ። እኛ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመረቅ ያየነው በ2016 መሆኑን ሳስብ፣ እዚህ የነበራቸውን ነቅለው መጣላቸው ያሳዝነኛል።

የከተማው ትራም ታሪክም እንዲሁ ያስቆጫል። ከ1901 እስከ 1909 ከንቲባ የነበረው ቶም ጆንሰን ድሃው ሠራተኛ ወደ ሥራው የሚሄድበት የትራም ዋጋ ከሦስት ሳንቲም እንዳይበልጥ ከኩባንያዎቹ ጋር ዓመታት የፈጀ ትግል አድርጓል፤ ሐውልቱ ዛሬም በዋናው አደባባይ ላይ ተቀምጧል። ሆኖም መኪና በበዛ ጊዜ ትራሞቹ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ የመጨረሻው በጥር 1954 ቆመ። የመንገድ መብራትን ነገር ካነሣን ደግሞ፣ በ1914 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የትራፊክ መብራት በዩክሊድ ጎዳና መጋጠሚያ ላይ የተተከለው በዚችው ከተማ ነው። በ1923 ሦስት ምልክት ላለው የትራፊክ ማስተላለፊያ የፈጠራ መብት ያገኘውም ጋሬት ሞርጋን የተባለ የዚህ ከተማ ጥቁር ሰው ነው። ይህ ሰው በ1916 ከሐይቁ በታች በሚቆፈር የውኃ ዋሻ ውስጥ ፍንዳታ በደረሰ ጊዜ፣ ራሱ የሠራውን የጭስ መከላከያ ጭንብል አድርጎ ገብቶ ሰዎችን አውጥቷል።

እኔ በየቀኑ ወደ ሥራዬ የምሄድበት ባቡር ቀዩ መስመር ይባላል። ሥራ የጀመረው በ1955 ነው። በኅዳር 1968 እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሲዘልቅ፣ በአሜሪካ አህጉራት ውስጥ መሐል ከተማን ከዋና አውሮፕላን ማረፊያ ጋር በቀጥታ ያገናኘ የመጀመሪያው የከተማ ባቡር ሆነ። ከሽቦ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ርዝመቱ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመሐል ከተማው ጣቢያ በስተምሥራቅ ለተወሰነ ርቀት ከባዱ ባቡርና ቀላሉ ባቡር በአንድ ሀዲድ ላይ ስለሚሄዱ፣ በመካከል ያሉት ጣቢያዎች ለአንዱ ከፍ ያለ፣ ለሌላው ዝቅ ያለ መሳፈሪያ አላቸው፤ ይህን በሌላ ቦታ ማየት ብርቅ ነው። ፉርጎዎቹ አርጅተዋል፤ በአዲስ እንዲተኩ ታዝዟል። ከከተማ ከተማ የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር ግን ያ ታላቅ ጣቢያ ጋ መቆም ትቷል፤ ከ1977 ወዲህ በሐይቁ ዳር ካለ ትንሽ ጣቢያ ነው የሚያነሣው፤ የሚያልፈውም ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ሰዓት ብቻ ነው። ሻንጣቸውን ይዘው በዚያ ሰዓት የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ያሉበት ሀገር ባቡሩን በሚገባ ያከብራል ለማለት አልደፍርም።

ስለ ስፖርቱ ልንገርዎ፤ አባቴ፣ ይህን ክፍል ለእናቴም ያንብቡላት። የጄሲ ኦውንስን ስም በልጅነታችን ከአበበ ቢቂላ ጋር አያይዘው ሲያነሡልን ሰውየው የዚህ ከተማ ልጅ መሆኑን አላውቅም ነበር። በ1913 አላባማ ተወልዶ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ከወላጆቹ ጋር ወደዚህ መጣ። ከትምህርት በኋላ ለቤተሰቡ ሲል ስለሚሠራ፣ ቻርልስ ራይሊ የተባለው አሠልጣኙ ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያለማምደው ነበር። ኢስት ቴክኒካል በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተማረ ሳለ የ100 ያርድን የዓለም ክብረ ወሰን በ9.4 ሰከንድ ተጋራ፤ በ1936 በርሊን ላይ አራት ወርቅ ወሰደ። በዚያ ነሐሴ የእኛ ባንዲራ በበርሊን አልነበረም፤ አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ከወደቀች ሦስት ወር ሆኗት ነበር።

ኦውንስ ከበርሊን ተመልሶ በክሊቭላንድ ጎዳና በሰልፍ ሲያልፍ ከተመለከቱት ልጆች አንዱ ሃሪሰን ዲላርድ ነበር። ይህ ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት ተምሮ በመሰናክል ሩጫ ተወዳዳሪ ያጣ ሰው ሆነ። ሆኖም በ1948 ለለንደኑ ኦሎምፒክ በተደረገው ማጣሪያ መሰናክሎቹን እየነካ ውድድሩን ሳይጨርስ ቀረ። በ100 ሜትር ሦስተኛ ሆኖ ስለነበር በዚያ ሄደና ማንም ሳይጠብቀው ወርቁን አመጣ፤ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደግሞ ያመለጠውን የመሰናክል ወርቅ ወሰደ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የዲላርድ ታሪክ ነው።

በቤዝቦልም ላሪ ዶቢ በሐምሌ 1947 ከሁለቱ ታላላቅ የቤዝቦል ሊጎች አንዱ በሆነው በአሜሪካን ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው ለክሊቭላንድ ነው፤ በ1948 ቡድኑ ዋንጫ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አላገኘውም። ብራውንስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ደግሞ በኅዳር 1995 ባለቤቱ ወደ ባልቲሞር እንደሚወስደው ባስታወቀ ጊዜ ሕዝቡና ከተማው ተከራክረው ስሙንና ቀለሙን አስቀሩ፤ ቡድኑም በ1999 በዚያው ስም ዳግመኛ ተቋቋመ። የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ከከተማው ሰው ልብ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ እርስዎ ያውቃሉና፣ ቡድን የገንዘብ ባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ ላስረዳዎ አያሻኝም። በሰኔ 2016፣ በአክረን ተወልዶ ያደገው ሌብሮን ጄምስ የሚመራው የካቫሊየርስ የቅርጫት ኳስ ቡድን በፍጻሜው በጨዋታዎች ብዛት 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ የቀሩትን ሦስት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫውን ሲያመጣ፣ ከተማዋ ከ1964 ወዲህ አንድም ትልቅ ዋንጫ አላየችም ነበር። ለደስታው ሰልፍ ከተማው ውስጥ ከሚኖረው ሕዝብ የሚበልጥ ሰው ወጣ።

የሚኖረው ሕዝብ ቀንሷልና። በ1950 914,808 የነበረው በ2020 372,624 ሆኗል። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ አውራ ጎዳናዎቹም ነዋሪውን ወደ ዳር አወጡት። ካያሆጋ ወንዝ ዘይትና ቆሻሻ ስለሞላበት ብዙ ጊዜ በእሳት ተያይዟል፤ የመጨረሻው በሰኔ 1969 ነበር። በትልቅ የአሜሪካ ከተማ ለከንቲባነት የተመረጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ካርል ስቶክስ በማግሥቱ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ወንዙን አሳየ፤ ነገሩም በ1972 ለወጣው የውኃ ንጽሕና ሕግ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ2019 ከወንዙ የሚጠመደው ዓሣ ለምግብ እንደሚሆን የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት አስታውቋል። በ2001 የተዘጋው ትልቁ የብረት ፋብሪካም በዓመቱ ተከፍቶ ዛሬም ይሠራል፤ ማዕድን የጫኑ መርከቦች በጠመዝማዛው ወንዝ ሲያልፉ ድልድዮቹ ይነሡላቸዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁልዎ ወደ አንድ ድልድይ ላደርስዎ ብዬ ነው። በ1932 የተሠራው የሎሬን ካርኔጊ ድልድይ በአራት ማዕዘኑ የድንጋይ ዓምዶች አሉት፤ በዓምዶቹም ላይ ስምንት ታላላቅ ምስሎች ተቀርጸዋል። እያንዳንዱ ምስል በእጁ አንድ ተሽከርካሪ ይዟል፤ አንዱ የድርቆሽ ጋሪ፣ ሌላው በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ፣ ሌላው መኪና፣ ሌሎቹም የጭነት መኪናዎች። የመጓጓዣ ጠባቂዎች ይባላሉ። የቤዝቦሉ ቡድን የቀድሞ ስሙን ትቶ ከ2022 ጀምሮ ጋርዲያንስ የተባለው በእነዚህ ምስሎች ስም ነው። ድልድዩም በ1983 ሆፕ መታሰቢያ ሲባል፣ ድንጋዩን ከጠረቡት ግንበኞች አንዱ የነበረው የሃሪ ሆፕ ቤተሰብ ስም ነው የተሰጠው። ሠራተኛን እንዲህ ማሰብ ይቻላል!

ድሬዳዋም በ1902 ሀዲዱ ሲደርስባት የተቆረቆረች የባቡር ልጅ ናት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አሮጌው መስመር ቆሟል፤ አዲሱም ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። የእርስዎንና የጓደኞችዎን ሥራ የሚናገር ግን እዚያ ምን አለ? ብዙዎቹ አርፈዋል። ስለዚህ አባቴ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ትልቁ የልጅ ልጅዎ ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ድምፅዎን ይቅዳልኝ። ከድሬዳዋ ተነሥተው በኤረር፣ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል እስከ አዋሽ ድረስ እያንዳንዱን ጣቢያ፣ የጣቢያ ኃላፊዎቹን፣ የት ላይ ፍጥነት እንደሚቀነስ፣ ጎርፍ ሀዲዱን ሲወስደው እንዴት እንደሚጠገን፣ የሥራ ባልደረቦችዎንም በስማቸው እየጠሩ ይንገሩት። እርሱ ይልክልኛል፤ እኔ እየሰማሁ በጽሑፍ አሰፍረዋለሁ፤ ሲያልቅም አሳትሜ ለእርስዎና በሕይወት ላሉት ጓደኞችዎ እልካለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፤ ለእናቴ እጅ ነሥቻለሁ።

አክባሪ ልጅዎ