ያለ ኪቦርድ የተወዳደርንበት ዓመት፦ የፕሮግራሚንግ ክበብ ዘገባ፣ 2017 ዓ.ም.

የፕሮግራሚንግ ክበብ ዘንድሮም እንደ ልማዱ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ላብራቶሪ ሲሰበሰብ ከርሟል። አባላቱ በብዛት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። የ12ኛ ክፍሎቹ ከገና በኋላ ለፈተና መዘጋጀት ስለሚጀምሩ ብቅ ማለታቸውን ተዉ፤ አልፈርድባቸውም። ብዙዎቹ ልጆች የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ወስደው ሰርተፍኬት ይዘው ስለመጡ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከሀ ሁ መጀመር አላስፈለገም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መዋስና መመለስን የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርተዋል፤ አሁን በሥራ ላይ ነው፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ግን ጎን ለጎን የወረቀት መዝገባቸውን አልተዉም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልተውም።

ልጽፍ የፈለግሁት ከጥር ወዲህ ስለሆነው ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና ላብራቶሪው ጨለመ። ‹‹ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል›› እየተባለ ሳምንታት አለፉ። አባላቱ ሐሙስ ሲደርስ ሰብሰብ ብለው በሩ ላይ ይቆሙና ስልካቸውን እየነካኩ ይበተናሉ። በዚህ መሐል ነው አንድ የ11ኛ ክፍል አባላችን ‹‹ቲቸር፣ እናቴ እኮ ያለ ኮምፒዩተር የፕሮግራሚንግ ውድድር ተወዳድራለች›› ያለው። ልጆቹ ሳቁበት። እሱም እልህ ያዘውና በሚቀጥለው ሐሙስ እናቱን ይዞ መጣ።

እናቱ የቤላሩስ ዋና ከተማ የሚንስክ ተወላጅ ናቸው። ባለቤታቸው ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ፤ እዚያው ተዋውቀው፣ ተጋብተው አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ‹‹ጠ›› ሲመጣ ብቻ ትንሽ ይንገዳገዳል። ስማቸውን መጽሔት ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ እንግዳችን እያልኩ እቀጥላለሁ። ለአንድ ሰዓት የመጡት እንግዳ ጥበቃው ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ድረስ አልወጡም።

ወደ ትዝታቸው ከመግባቴ በፊት መነሻውን ላስቀድም፤ እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1985 በመላው ሶቪየት ኅብረት በሁለቱ የመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች የኢንፎርማቲክስ (የኮምፒዩተር ሳይንስ) ትምህርት ተጀመረ። ከሐሳቡ ጀርባ የነበሩት በኖቮሲቢርስክ ከተማ አካዴምጎሮዶክ በሚባለው የሳይንቲስቶች ሰፈር ይሠሩ የነበሩት የኮምፒዩተር ሊቅ አንድሬይ ዬርሾቭ ናቸው። እኚህ ሰው በ1981 ሎዛን ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ፕሮግራም መጻፍ ሁለተኛው የማንበብና የመጻፍ ችሎታ ነው ብለው የተከራከሩ ናቸው። ትምህርቱ በአዋጅ ሲጀመር ግን ኮምፒዩተሩ አልደረሰም ነበር። አስተማሪዎቹ በክረምት ሥልጠና ተዘጋጁ፣ መጽሐፉ ታተመ፣ ማሽኑ ቀረ። ስለዚህ ‹‹ያለ ማሽን ማስተማር›› ራሱን የቻለ የማስተማሪያ መንገድ ሆነ፤ ትእዛዞቹ በሩሲያኛ ቃላት የተሠሩ የወረቀት ቋንቋ ነበራቸው፤ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ አስተማሪው ያርማል።

እንግዳችን ያደጉት በዚህ ውስጥ ነው። ሚንስክ ያን ጊዜ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች የሚመረቱባት ከተማ ነበረች፤ ሆኖም ፋብሪካው ሰፈር መኖር ማሽኑን መንካት ማለት አልነበረም። በእጃቸው የገባው የመጀመሪያው ‹‹ኮምፒዩተር›› አባታቸው የገዙት ኤሌክትሮኒካ ቤ3-34 የሚባል ፕሮግራም የሚቀበል ካልኩሌተር ነው። 98 እርምጃ ብቻ ይይዛል። ካጠፉት ያስገቡት ሁሉ ይጠፋል፤ በነጋታው ከመጀመሪያው ቁጥር በቁጥር መልሶ መጫን ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩ የሶቪየት መጽሔቶች በዚህ ካልኩሌተር ጨረቃ ላይ የማረፍ ጨዋታ እያተሙ ያወጡ ነበር፤ ሥዕል የለ፣ ድምፅ የለ፣ የቀረህን ነዳጅና ከፍታ በቁጥር እያነበብህ ማረፍ ነው። ‹‹ስንቴ ተከሰከስኩ መሰላችሁ!›› አሉ እንግዳችን። የ9ኛ ክፍሎቹ እስካሁን ስለዚህ ጨዋታ ያወራሉ።

የከተማው ትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ዙር ነበረው። የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ባለ ካሬ ደብተር ወረቀት ይታደላል፣ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ጸጥታ። እንግዳችን የገጠማቸውን ጥያቄ ሰሌዳችን ላይ ጻፉልን፦ በተርታ የተሰጡ ቁጥሮች አሉ፤ አንድ ቁጥር ሳይቋረጥ የተደጋገመበት ረጅሙ ተርታ ስንት ርዝመት አለው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እሳቸውም ቀላል መስሏቸው ቶሎ ጨርሰው እጃቸውን አውጥተው ሰጡ።

ዳኛው የመጡት እርሳስ ይዘው ነበር። ሠንጠረዥ አሰመሩ፣ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ቁጥር ለሚይዝበት ስም) አንድ ዓምድ ሰጡ፣ ከዚያ 3፣ 3፣ 7፣ 7፣ 7፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 የሚሉ ቁጥሮችን ጽፈው ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ‹‹በእጅ አስኬዱት››። ሁለት ሦስቶች፤ ቁጥሩ ሲቀየር ሁለትን መዘገበ። ሦስት ሰባቶች፤ ሲቀየር ሦስትን መዘገበ። አራት አንዶች ቆጠረና... ተርታው አለቀ። ከአንድ በኋላ የሚቀየር ቁጥር ስለሌለ አራትን ማንም አላወዳደረውም። መልሱ ሦስት ሆኖ ወጣ። ዳኛው አንዲት ቃል ሳይናገሩ እርሳሱን የመጨረሻው ሳጥን ላይ አሳርፈው ዝም ብለው አዩዋቸው። ‹‹ያን እርሳስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም›› አሉን።

ሁለተኛው ዙር በማሽን ነበር፤ ቤካ-0010 የምትባል የቤት ኮምፒዩተር፣ ከቴሌቪዥን ጋር የምትገናኝ። ሜሞሪዋ 32 ኪሎባይት ሲሆን ግማሹን ስክሪኑ ይወስደዋል። ሥራ የሚቀመጠው በካሴት ነው፤ የቴፑ ድምፅ ከፍ ካለም ዝቅ ካለም ማሽኑ አያነበውም። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ ተያዩ፤ ካሴት አይተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። ከቤቴ አንድ አምጥቼ በቢክ እስክሪብቶ እንዴት እንደሚጠነጠን አሳየኋቸው፤ ይህን ጥበብ ለመማር ሚንስክ መሄድ አያስፈልግም፣ የእኔ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለማንኛውም እንግዳችን በዚያ ውድድር የሦስተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አገኙ። ሽልማቱ መጽሐፍ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ቁጥር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም ነበር ሲሉ የክበባችን ሴት አባላት ዞር ዞር ብለው ራሳቸውን ቆጠሩ። እኛ ዘንድ ከዚያ ይሻላል፤ ግን ሲሶ አይሞሉም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የጀመሩት። መጋቢት ላይ በአራት ቡድን ተከፍለው የወረቀት ውድድር አዘጋጁ። ደንቡ አጭር ነው፤ ስልክ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ይደፋል፣ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ አንዱ ቡድን የሌላውን ፕሮግራም በሠንጠረዥ ያስኬዳል። የሚንስኩን ጥያቄ በቅድሚያ ሰጠናቸው። እንግዳችን መልሱን ቆመው ነግረዋቸው ሳለ እንኳ ከግማሽ በላይ የሆኑት የመጨረሻውን ተርታ ረሱት! አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ ፕሮግራሙን ‹‹ጀምር፣ ድገም፣ ካልሆነ፣ ጨርስ›› እያለ በአማርኛ ጻፈው፤ ዳኞቹ ደንቡ አይከለክልም ብለው ተቀበሉት። ከሁሉም ለማንበብ የቀለለኝ የእሱ ወረቀት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ በዓለም አቀፉ የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ የቀረበ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሶቪየቶች በ1988 የመጀመሪያውን የመላ አገሪቱን ኦሊምፒያድ ስቬርድሎቭስክ ላይ ካካሄዱ በኋላ፣ በ1989 ቡልጋሪያ ውስጥ ፕራቬትስ በምትባል ከተማ 13 አገሮች የላኳቸው 46 ተማሪዎች ተወዳደሩ። የዓለም አቀፉን ውድድር ሐሳብ ለዩኔስኮ ያቀረቡት ቡልጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ብላጎቬስት ሴንዶቭ ናቸው። በ1990 ደግሞ ውድድሩ ሚንስክ ገባ፤ እንግዳችን ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ጨርሰው ስለነበር የተመለከቱት ከውጭ ሆነው ነው። ‹‹በአንድ ዓመት ቀረሁ›› አሉ፤ ቁጭቱ አሁንም አልወጣላቸውም።

ጥያቄው ይህ ነው። አሥር ሳጥኖች በተርታ አሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ በስምንቱ ውስጥ አራት ሀ እና አራት ለ ተዘበራርቀው ተቀምጠዋል። የተፈቀደው እንቅስቃሴ አንድ ብቻ ነው፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎችን ቅደም ተከተላቸውን ሳትለውጥ አንስተህ ሁለቱ ባዶዎች ውስጥ ማስገባት። ሀ-ዎቹ ሁሉ ከለ-ዎቹ ግራ እስኪሆኑ ድረስ ታንቀሳቅሳለህ፤ በጥቂት እንቅስቃሴ።

መብራት ስለሌለ ቆርኪ አመጣን። የኮካ ሀ ሆነ፣ የአምቦ ውኃ ለ ሆነ። በምሳሌነት የወሰድነው አሰላለፍ ሀ ለ ለ ሀ፣ ባዶ ባዶ፣ ሀ ለ ሀ ለ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ቆርኪዎቹን ለጥቂት ጊዜ ትክ ብላ አየቻቸውና ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ለ ሀ አንስታ ባዶዎቹ ላይ አኖረች። ቀጥላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለ ለ ወደተለቀቀው ቦታ ወሰደች። አሁን ስድስተኛውና ሰባተኛው ሁለት ሀ ናቸው፤ እነሱን ወደ ግራ መለሰቻቸው። አለቀ። በሦስት እንቅስቃሴ አራቱ ሀ-ዎች ግራ ተሰበሰቡ። ሌሎቹ በሁለት ይሆናል ብለው ሲታገሉ አመሹ፤ አይሆንም፤ የማይሆንበትንም ምክንያት ያስረዳችው እሷው ነች። ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ያሉት ሁለት ለ-ዎች አንድ ላይ መነሳት አለባቸው፤ ያንን የትኛውም አንድ ሌላ እንቅስቃሴ ቢቀድመው ወይም ቢከተለው ሀ-ዎቹ አይሰበሰቡም። አንድ በአንድ ቆርኪ እያነሳች አሳየቻቸው።

ከዚያ ነው ትክክለኛው የፕሮግራሚንግ ጥያቄ የመጣው። ማሽን ዓይን የለውም፤ ሁሉንም መሞከር አለበት። ታዲያ ‹‹ሁሉም›› ስንት ነው? ሰሌዳው ላይ ወጥተው አሰሉት፤ ሁለቱ ባዶዎች ሊቀመጡ የሚችሉባቸው ቦታዎች 9፣ ስምንቱ ፊደሎች ሊደረደሩ የሚችሉባቸው መንገዶች 70፣ በጠቅላላ 630 አሰላለፍ። ዛሬ ስልካችን ይህን ዓይን ጨፍኖ እስኪከፍት ይጨርሰዋል። ነገር ግን ያየኸውን አሰላለፍ ካልመዘገብህ ፕሮግራሙ ሁለቱን ቆርኪ ወዲያ ወዲህ እያመላለሰ ዕድሜ ልኩን ይዞራል፤ ሁለቱ ቡድኖች የጻፉት ወረቀት ልክ ይህን አደረገ። ደግነቱ በእጅ ሲያስኬዱት ስለነበር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ አወቁት።

ሁሉም አልወደደውም። ከአባላቱ በጣም ጎበዝ የሆነው ልጅ (ኮድፎርስስ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ውድድር ድረ ገጽ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ያለው) ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ተከራከረ። ጽፎ ልኮ ስህተቱን ከማሽኑ ተምሮ ማረም ይፈጥናል ነው የሚለው። በከፊል ልክ ነው፤ ዛሬ ውድድሩ የሚካሄደው እንደዚያ ነው፤ ፍጥነት ያስፈልጋል። እኔ የማልስማማው ልጆቹ ስህተቱ የት እንዳለ ሳያውቁ እየነካኩ እስኪያልፍ ድረስ መላካቸው ላይ ነው። እንግዳችን ግን ሌላ ነገር ነው ያስደሰታቸው፤ ኮድፎርስስን የመሠረቱት የሩሲያዋ የሳራቶቭ ሰው ማይክ ሚርዛያኖቭ መሆናቸውን ነግረውት ‹‹እኛን ጥለህ የት ትሄዳለህ!›› ብለው ሳቁበት። ክርክሩ አላለቀም፤ አያልቅምም።

ግንቦት ላይ መብራት ተመለሰ። የወረቀት ፕሮግራሞቹን ወደ ፓይተን ስንገለብጥ የሳጥኖቹን ጥያቄ በመጀመሪያ ሙከራ ያስኬደው አንድ ቡድን ብቻ ነበር። የቀሩት የወደቁት በሐሳብ ሳይሆን በቅንፍና በመስመር አገባብ ነው፤ ይህ በአንድ ሐሙስ ተስተካከለ። የአማርኛው ጸሐፊም ‹‹ድገም››ን ‹‹ዋይል›› (while) ወደሚለው የፓይተን የመደጋገሚያ ትእዛዝ ለውጦ አስኬደ።

በሰኔ ስብሰባ የ11ኛ ክፍል አባላት ኃላፊነቱን ለ10ኛ ክፍሎቹ አስረክበዋል፤ የክበቡ ሰብሳቢ ቆርኪዎቹን የደረደረችው የ9ኛ ክፍል ልጅ ሆና ተመርጣለች፤ ከእሷ በላይ ያሉት ተስማምተው ነው። የላብራቶሪ ኃላፊያችን ሻማ ገዝተው እስከ ማምሸት ስለጠበቁን፣ እንግዳችንም የትራንስፖርት ወጪያቸውን እንኳ ሳይቀበሉ ደጋግመው ስለመጡ ክበቡ ያመሰግናል። የ2018 ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ፕሮግራሚንግ አስቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም፤ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተርና እስክሪብቶ ግን ግዴታ ነው። ቤቱ የማይሠራ ፕሮግራም የሚቀበል ካልኩሌተር ወይም አሮጌ የካሴት ቴፕ ያለው ወላጅ ቢኖር ልጆቹ ፈትተው ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ ለላብራቶሪ ኃላፊው መስጠት ይቻላል።